የሱፐርማን ልጅነት ለምን ደጋግሞ ይጻፋል?

በ1938 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሱፐርማን «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት ቁጥር 1 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ ለልጅነቱ የተሰጠው ቦታ አንዲት ገጽ ነበር። ፕላኔት ጠፋች፤ አንድ ሳይንቲስት ሕፃን ልጁን በመንኮራኩር ጭኖ ወደ ምድር ላከ፤ መንገደኛ ባለመኪና አግኝቶ ለሕፃናት ማሳደጊያ አስረከበው፤ የማሳደጊያው ሰዎች ሕፃኑ ትልቅ ወንበር ከራሱ በላይ ሲያነሳ አይተው ጉድ አሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ የምናገኘው ጎልማሳውን ነው። ዛሬ ሱፐርማን ሲባል ቶሎ የሚታወሱን ነገሮች፣ ደጋግ አሳዳጊዎቹ፣ ስሞልቪል የምትባለዋ ትንሽ ከተማ፣ የጎረቤቷ ልጅ፣ ነጩ ውሻ፣ አንዳቸውም ገና አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ገጽ ስትቀደድና ስትሰፋ ኖራለች። የልጅነት ታሪኩ ተጻፈ፣ በመቶ በሚቆጠሩ ዕትሞች ሰፋ፣ «ይህ ሁሉ አልሆነም» ተብሎ ተሰረዘ፣ በሌላ መልክ ተመለሰ፣ እንደገና ተሰረዘ። ኮሚክ የማያነብ ሰው «አንዴ ጽፈው ለምን አይተዉትም?» ቢል አይፈረድበትም። የመልሱ ግማሽ የድርሰት ጉዳይ ነው፤ ግማሹ የፍርድ ቤት።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለያቸው፤ አለዚያ ሁሉም ይምታታል። «ሱፐርቦይ» የሚለው ስም ባለፉት ዓመታት ለተለያዩ ልጆች ተሰጥቷል። አንደኛው ራሱ ክላርክ ኬንት ነው፣ ሱፐርማን ልጅ ሳለ። ሌላው በ1993፣ ሱፐርማን ሞቷል በተባለበት ሰሞን የመጣ፣ በቤተ ሙከራ የተሠራ ጎረምሳ ነው፤ ጃኬት ደራቢ፣ አፈኛ፣ ልታይ ልታይ የሚል። ሌላው ደግሞ በ2015 ወደ ታሪኩ የገባው ጆን ኬንት፣ የሱፐርማንና የሎይስ ሌን ልጅ ነው። የኋለኞቹ የራሳቸው ሕይወት ያላቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይጻፉም። እዚህ የማወራው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

የፈጣሪው ሐሳብ፣ የአሳታሚው መጽሔት

ጀሪ ሲግልና ጆ ሹስተር፣ ሁለቱም የአይሁድ ስደተኞች ልጆች፣ ሱፐርማንን የፈጠሩት ኦሃዮ ውስጥ በክሊቭላንድ ከተማ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ ከነመብቱ ለአሳታሚው የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ሲግል ሌላ ሐሳብ ይዞ ቀረበ፦ ይህንን ሰውዬ ልጅ አድርገን ለብቻው መጽሔት ብናወጣለትስ? ያሰበው ቀልድ የበዛበት፣ ገጸ ባሕርያቱም በአብዛኛው የ12 ዓመት ገደማ ልጆች የሆኑበት ታሪክ ነበር። አሳታሚው አልፈልግም አለ። ሲግል በ1940 ስክሪፕት ጽፎ ሰጠ፤ እሱም መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ጦርነቱ መጣ፤ ሲግል ለውትድርና ሄደ። እሱ ሠራዊቱ ውስጥ ሳለ፣ «ሞር ፈን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት ቁጥር 101 ላይ (ሽፋኑ ላይ ያለው ቀን የ1945 መጀመሪያ ነው) ሱፐርቦይ ወጣ። ሥዕሉ የሹስተር፣ ጽሑፉ የሌላ ሰው። ሲግል ደግሞ አልተጠየቀም።

ከጦርነቱ ሲመለስ በ1947 ሁለቱ ጓደኛሞች ኒውዮርክ ውስጥ ክስ መሠረቱ። ጉዳዩን የመረመረው ዳኛ በ1948 የሰጠው ግኝት ነገሩን ለሁለት ከፈለው፦ ሱፐርማን የአሳታሚው ነው፤ ሱፐርቦይ ግን የሲግል ነው፣ አሳታሚውም ያወጣው ያለ መብቱ ነው። ድል ይመስላል፤ ገንዘብ ያጣ ሰው ግን ድሉን ይዞ አይቆይም። ሁለቱም ከ94 ሺህ ዶላር ጥቂት በሚበልጥ ገንዘብ ሁሉንም፣ ሱፐርቦይንም ጭምር፣ ለቀቁ። ስማቸውም ከመጽሔቶቹ ላይ ተነሳ። ተመልሶ የተጻፈው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከብዙ የአደባባይ አቤቱታ በኋላ፣ ከዓመታዊ ጡረታ ጋር ነው።

ይህንን ያነሳሁት ለታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። በአንድ ጀግና ሕይወት ውስጥ ልጅነቱ ከጉልምስናው የተለየ የባለቤትነት ጥያቄ ያለበት መሆኑ እንግዳ ነገር ነው፤ ቆይቶም ይመለሳል።

ዋሻ፣ መብራት፣ ሮቦት

በ1949 ሱፐርቦይ የራሱን መጽሔት አገኘ፤ በዚያው ዓመት የሚኖርባት ከተማ ስሞልቪል ተባለች። እስከ 1970 ድረስ የሱፐርማንን መጽሔቶች የመራው አርታኢ ሞርት ዋይዚንገር የሰፈር ልጆችን «ምን ማንበብ ትፈልጋላችሁ?» እያለ ይጠይቅ ነበር ይባላል። መጽሔቶቹን ላነበበ ሰው ይህ ለማመን አይከብድም። የዚያ ዘመን የኬንቶች፣ ማለትም የአሳዳጊዎቹ፣ ቤት የአሥር ዓመት ልጅ የሚመኘውን ሁሉ የያዘ ነው።

ኬንቶች እርሻውን ሸጠው ከተማ ውስጥ ሱቅ ከፍተዋል። ከምድር ቤታቸው ተነስቶ ከከተማው ውጭ ጫካ ውስጥ የሚወጣ ዋሻ አለ፤ ሱፐርቦይ የሚወጣውና የሚገባው በዚያ ነው፣ ማንም ከቤቱ ሲበር እንዳያየው። ሳሎን ውስጥ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የፖሊስ አዛዡ እየጠራው ነው ማለት ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቁርጥ እሱን የሚመስሉ ሮቦቶች ቆመዋል፤ እሱ ሲጠፋ ትምህርት ቤት የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ልብሱን እናቱ የሠራችው ሕፃን ሆኖ ከተጠቀለለባቸው የክሪፕቶን (የጠፋችው የትውልድ ፕላኔቱ) ብርድ ልብሶች ተርትራ ነው። የመነጽሩ መስተዋት ከመጣበት መንኮራኩር የተወሰደ ነው፤ ተራ መስተዋት ቢሆን ከዓይኑ በሚወጣው ሙቀት ይቀልጣላ!

በ1955 ደግሞ ውሻው መጣ። ክሪፕቶ፣ ከልጁ ቀድሞ ለሙከራ በመንኮራኩር የተላከና ሕዋ ውስጥ ሲንከራተት የከረመ፣ ካባ ያለው የሚበር ነጭ ውሻ። ቤት ውስጥ ተራ ውሻ መስሎ እንዲኖር ጀርባው ላይ ቡናማ ቀለም ይቀባና «ስኪፕ» ይባላል። ልብ በሉ፤ ውሻው ሳይቀር ድብቅ ማንነት አለው። በ1958 ከ30ኛው ክፍለ ዘመን ሦስት ታዳጊዎች በጊዜ መንኮራኩር መጥተው፣ መጀመሪያ አሹፈውበት፣ ኋላ የማኅበራቸው አባል አደረጉት። ይህ ማኅበር፣ «የሱፐርሂሮዎች ሌጅዮን»፣ ኋላ ላይ ለጸሐፊዎች ትልቅ ራስ ምታት ሆኗል።

ከእነዚህ ሁሉ የዘመኑን ምንነት የምታሳየኝ ግን በ1960 የወጣችው የሌክስ ሉተር ታሪክ ናት። ሉተር እዚያው ስሞልቪል ያለ ብልህ ልጅ ነው፤ ሱፐርቦይን ያመልከዋል። አንድ ቀን ሱፐርቦይን ክሪፕቶናይት (ከጠፋችው ፕላኔቱ የተረፈ፣ አቅሙን የሚያሳጣው ድንጋይ) ጥሎት ሊሞት ሲል ሉተር ያድነዋል። ሱፐርቦይም ውለታውን ለመመለስ ቤተ ሙከራ ይሠራለታል። ሉተር ቀን ከሌት ሠርቶ ሁለት ነገር ያገኛል፤ በእጁ የፈጠረው ሕይወት ያለው ነገርና ለክሪፕቶናይት ማርከሻ። በደስታ ሲራወጥ እሳት ይነሳል። ሱፐርቦይ ከሩቅ አይቶ በኃይለኛ ትንፋሹ እፍ ብሎ ያጠፋዋል፤ ትንፋሹ ግን ኬሚካሎቹን ይደፋቸዋል፣ የተፈጠረው ሕይወት ይጠፋል፣ ጋዙም የሉተርን ፀጉር አንድ ሳያስቀር ያረግፈዋል። ሉተር «ቀንተህብኝ ነው» ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠላት ናቸው።

አንባቢ ለዓመታት «የዓለም ትልቁ ወንጀለኛ በራሰ በራነት ተቆጥቶ» እያለ ስቆበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ቀልዱ ፀጉሩ ነው እንጂ ታሪኩ አይደለም። የታሪኩ አንጀት «በእጄ የፈጠርኩትን አጠፋህብኝ» የሚለው ነው። ይህንን ታሪክ የጻፈው ደግሞ ጀሪ ሲግል ነው፤ ልጅነቱን ፈጥሮለት መብቱን ካጣ በኋላ፣ ወደዚያው አሳታሚ በተራ ጸሐፊነት ተመልሶ፣ ስሙ ሳይጻፍ። ሳነበው ከሉተር ቂም በስተጀርባ ሌላ ቂም የሚሰማኝ ለዚህ ይሆናል።

ችግሩ የት ላይ ነው

ለልጅ ይህ ሁሉ ደስ ይላል። አድጎ ለሚያነብ ሰው ግን መሠረቱ ላይ ስንጥቅ አለው። ሱፐርቦይ እንደማይሞት እናውቃለን፤ አድጎ ሱፐርማን ሆኗልና። ሉተር አያሸንፈውም። ላና ላንግ፣ ያቺ ሁሌ የምትጠረጥረው የጎረቤት ልጅ፣ ምስጢሩን አውጥታ አታጋልጠውም። አደጋው ሁሉ የውሸት አደጋ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ጉልምስናውን መስረቁ ነው። ሱፐርማን አድጎ የሚኖርባት ትልቅ ከተማ ሜትሮፖሊስ ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሲቆም ዓለም አፉን መያዝ ነበረበት። በልጅነቱ ከፕሬዚዳንቶች ጋር የተጨባበጠ ዝነኛ ልጅ ከነበረ ግን ምኑ ይገርማል? «ያ የስሞልቪሉ ልጅ አደገ» ነው የሚባለው። ልጁ ሉተርን አስቀድሞ አሸንፎታል፣ ወደ ሕዋ ሄዶ ተመልሷል፣ ጊዜን ተሻግሯል። ለጎልማሳው የተረፈለት ነገር ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የዘመን ነገር አለ፤ ሱፐርማን ሁልጊዜ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ስለሚቆይ፣ ልጅነቱ ከአንባቢው ጋር ወደፊት ይንሸራተታል። የ1930ዎቹ ልጅ የነበረው ቀስ በቀስ የ1950ዎቹ ልጅ ሆነ፣ አሁንም እየቀጠለ ነው።

ስለዚህ በ1986 አሳታሚው ዲሲ ኮሚክስ መላ ዓለሙን ከዜሮ ሲጀምር፣ ጸሐፊና ሠዓሊ ጆን በርን «ማን ኦፍ ስቲል» በተባለ ባለ ስድስት ዕትም ሥራ ቢላዋውን መዘዘ። ሱፐርቦይ የሚባል ልጅ ኖሮ አያውቅም። ክላርክ ኃይሉ የመጣለት ቀስ በቀስ፣ ከዕድሜው ጋር ነው። ካባ የለበሰው ካደገ በኋላ ነው። በልጅነቱ ሉተርን አያውቀውም። በምትኩ አንድ ትልቅ ነገር ተሰጠው፦ አሳዳጊዎቹ በሕይወት አሉ። ጎልማሳው ሱፐርማን ሲከፋው ቅዳሜና እሁድ ስሞልቪል ወዳለችበት ካንሳስ ሄዶ ከእናቱ ማዕድ ቤት ይቀመጣል። ይህ ከበርን ውሳኔዎች ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል።

ቢላዋው ግን ያልታሰበ ሥር ቆረጠ። ያ የ30ኛው ክፍለ ዘመን ማኅበር የተመሠረተው በሱፐርቦይ አርአያነት ነው፤ አባላቱም ለዓመታት ከእሱ ጋር ተዋግተዋል። ሱፐርቦይ ካልነበረ አብሯቸው የነበረው ማን ነው? የተገኘው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ የጊዜ ጌታ የሆነ ጠላት ከእውነተኛው ተቆርሶ የተሠራ ትንሽ ጽንፈ ዓለም አዘጋጅቶ፣ እነሱ ጊዜን አቋርጠው ሲመጡ ወደዚያ ሲያስገባቸው ኖሯል። ያ ልጅም በ1987 በጀግንነት እንዲሞት ተደረገ። ስሜት ያለው ታሪክ ነበር፤ ግን ለአዲስ አንባቢ ማስረዳት ሲጀመር ሰዓት ይፈጃል። አንድን ትዝታ ከመሃል ማውጣት በእሱ ላይ የቆሙትን ሁሉ እንደሚያናጋ አሳታሚው የተማረው ያኔ ነው።

አንድ ኳስ በአራት ዓይን

የተለያዩ ጸሐፊዎች ልጅነቱን እንዴት እንዳዩት ለማሳየት ስለ ኃይሉ ማውራት አያስፈልግም፤ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ ምን እንዳደረጉት ማየት ይበቃል።

በ1978ቱ ፊልም ክላርክ አይጫወትም። የቡድኑን ዕቃ የሚሰበስብ ልጅ ነው፤ ሌሎቹ ላና ባለችበት ያሾፉበታል። ብቻውን ሲቀር ኳሷን አንድ ጊዜ ይመታታል፤ ከዓይን ትሰወራለች። ከዚያ ባቡር ይቀድማል። አባቱ ከተቆጡትና ከመከሩት በኋላ ወዲያው፣ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ፣ በልብ ሕመም ይወድቃሉ። የልጁ ቁጭት «ይህ ሁሉ ችሎታ እያለኝ አላዳንኩትም» የሚል ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ያለቀ ልጅነት ነው፤ ግን ከእሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ከዚህ ቀድቷል።

በበርን ሥራ ተቃራኒው ነው፤ ክላርክ ይጫወታል፣ ያሸንፋል፣ ሜዳው በስሙ ይናወጣል። ቡድኑ ግን በሙሉ ተረስቷል። አባቱ ከሜዳው ወስደው፣ ደብቀው ያቆዩትን መንኮራኩር ያሳዩታል። በዚህ ታሪክ ጥፋቱ ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ ያልደከመበትን ክብር መውሰድ ነው።

በ2001 በተጀመረው «ስሞልቪል» የቴሌቪዥን ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ክላርክ ለመጫወት የወላጅ ፊርማ ይለምናል፤ አባቱ ሌላ ልጅ ይጎዳል ብለው ይከለክላሉ። እዚህ ሜዳው የጎረምሳና የአባት ጠብ ነው። ያ ጠብ ደግሞ ሱፐርሂሮ በሌለበት ቤትም አለ፤ ድራማው አሥር የውድድር ዘመን የቆየበት ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

በ2009 በጀመረው «ሲክሬት ኦሪጂን» ደግሞ፣ በጸሐፊ ጄፍ ጆንስና በሠዓሊ ጋሪ ፍራንክ፣ ክላርክ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ፒት ሮስ ይጋጨዋል፤ የሚሰበረው የፒት ክንድ ነው። ክላርክ ምንም አልሆነም፤ አስፈሪውም ይህ ነው። በዚያው ታሪክ ላና ስትስመው ከዓይኑ እሳት ይወጣል። ፍራንክ የሣለው ፊት የድል ፊት አይደለም፤ ሰውነቱ ያልገባው ልጅ ድንጋጤ ነው። እናቱ ሰፍታ የምታመጣለትን ልብስ ሲለብስም እንደማንኛውም ልጅ ያፍራል።

የዘመኑ አንባቢ ከልጅነት ታሪክ የሚፈልገው ይህንን ይመስለኛል። ልጁ እንደማይሞት እናውቃለን፤ ጓደኛውን እንደማይጎዳ ግን አናውቅም። አደጋው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲዞር መጨረሻውን ማወቃችን ታሪኩን አያበላሸውም። ጆንስ ሱፐርቦይንም የመለሰው በዚህ መንገድ ነው፦ ልጁ ያድናል፣ ግን ማንም ሳያየው፤ ዓለም አያውቀውም። ከወደፊቱ የመጡት ሦስቱ ልጆችም ይመጣሉ፤ ለብቸኛ ልጅ እሱን የሚመስሉ ጓደኞች ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ገጹ ላይ ይታያል። የጎልማሳው የመጀመሪያ መታየትም አልተሰረቀም።

የአባትየውም ሞት እንደዚሁ ጸሐፊው የሚያጠብቀውና የሚያላላው ብሎን ነው። በ1963 ሁለቱም አሳዳጊዎች መድኃኒት ባልተገኘለት በሽታ ሞቱ፤ ትምህርቱ ኃይል ሁሉን አይችልም የሚል ነው። በ2013ቱ ፊልም አባትየው አውሎ ነፋስ ሲወስዳቸው እጃቸውን አንስተው ልጃቸውን «አትምጣ» ይሉታል፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ። ይህ ብዙ አንባቢን አስቆጥቷል፤ እኔንም ጨምሮ። አባት ልጁን አስተምሮት መሞቱ አንድ ነገር ነው፤ መርዳትን ከልክሎት መሞቱ ሌላ።

የስም ጠብ እንደገና

የስሞልቪል ድራማ አዘጋጆች የያዙት ደንብ ልብሱንም በረራውንም አናሳይም የሚል ነበር። ይህ የድርሰት ምርጫ ነው። ነገር ግን ድራማው በሚታይበት ዘመን የሲግል ወራሾች መብታቸውን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ነበሩ፤ በ2006 አንድ ዳኛ ሱፐርቦይ ወደ ወራሾቹ ተመልሷል ብሎ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ዳኛ ያንን ውሳኔ እንደገና እንዲታይ አደረገው፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ፤ በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቤተሰቡ በ2001 ከኩባንያው ጋር ስምምነት ላይ ደርሶ ነበር አለ። ለአንባቢ የሚተርፈው ነገር ቀላል ነው፦ ስለ ጎልማሳው ታሪክ ሲጻፍ ጥያቄው «ጥሩ ነው ወይ?» ነው፤ ስለ ልጁ ሲጻፍ «የማን ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ከጠረጴዛው ሥር ነበረ።

አሜሪካ ውስጥ የ1938ቱ ሱፐርማን ከቅጂ መብት ነፃ የሚሆነው በ2034 መጀመሪያ ነው። ሁሉም ግን ባንድ ቀን አይለቀቅም፤ እያንዳንዱ ነገር የሚቆጠርለት ከወጣበት ዓመት ነው። ክሪፕቶ ውሻው እስከ 2051 ይጠብቃል። የንግድ ምልክት ሕጉም ለብቻው ስለሚቆም፣ ስሙንና አርማውን ሽፋን ላይ መለጠፍ ያኔም ቢሆን እንዲሁ ዝም ብሎ አይሆንም።

ካሜራ በያለበት ዘመን

ዛሬ ልጅነቱን የሚጽፍ ሰው ዋይዚንገር ያልነበረበት ጣጣ አለበት። ዋሻውና ሮቦቶቹ የተፈለሰፉት ምስጢርን ከአንዲት ነገር ፈላጊ ጎረቤት ለመደበቅ ነው። አሁን ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ካሜራ አለው። መነጽር ያደረገ ልጅ መነጽር ካላደረገ ልጅ ጋር አንድ መሆኑን ስልኩ ራሱ ይነግራቸዋል። ይህንን በቀልድ ማለፍ ይቻላል፤ ከልብ የያዘው ግን ታሪኩን ያገኛል። በ2004 ከርት ቡሲክና ስቱዋርት ኢሞነን ያወጡት «ሲክሬት አይደንቲቲ» የሚጀምረው እንደኛ ባለ ዓለም፣ ሱፐርማን ኮሚክ ብቻ በሆነበት፣ ወላጆቹ ለቀልድ ክላርክ ኬንት ብለው ስም ካወጡለት ልጅ ነው። ለልደቱ ሁሌ የሱፐርማን አሻንጉሊት ይሰጡታል፤ ተሰላችቷል። አንድ ሌሊት በእውነት ይበራል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርሃት የክፉ ሰው አይደለም፤ የሚከታተል መንግሥት ነው።

ሌላው አዲስ በር ባዕድነቱ ነው። በድሮው ታሪክ ልጁ ከሌላ ፕላኔት መምጣቱ የኃይሉ ምክንያት ብቻ ነበር። ጂን ሉዌን ያንግ ከጉሪሂሩ ሠዓሊዎች ጋር በ2019 የጀመረው «ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን» ከ1946 የሬዲዮ ድራማ ተነስቶ፣ ከቻይናውያን ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወረ ቤተሰብን ከሱፐርማን ጋር ያገናኛል። እዚህ ሱፐርማን አይበርም፤ ይሮጣል። መብረር አቅቶት አይደለም፤ ከሰው ለይቶ የሚያሳየውን መደበቅ በልጅነቱ ስለተማረ ነው። ልጆቹን ውጭ አገር የሚያሳድግ ወላጅ፣ ልጁ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ እንጀራውን ሰው እንዳያይበት ሲሸፍን ካየ፣ ይህንን ታሪክ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

በ2019 መጨረሻ «ዱምስዴይ ክሎክ» የተባለው ሥራ ሲያልቅ ሱፐርቦይ በይፋ ወደ ሱፐርማን ሕይወት ተመለሰ፤ አሳዳጊዎቹም በሕይወት እንዲገኙ ተደረገ። በ2025ቱ ፊልም ደግሞ ክሪፕቶ መጣ፤ ልጅነቱ ግን ሳይተረክ ታለፈ። የቂል ይመስሉ የነበሩት ነገሮች እየተመለሱ ነው፤ እኔ አልከፋኝም። ካባ ያለው ውሻ ቀልድ የሚሆነው ጸሐፊው ሲያፍርበት ነው።

ማንበብ ለሚፈልግ፦ ኮሚክ አንብቦ ለማያውቅ አዋቂ በጄፍ ሎብና በቲም ሴል የተሠራው የ1998ቱ «ሱፐርማን ፎር ኦል ሲዝንስ» ይሻላል። አራት ዕትም ብቻ ነው፣ እያንዳንዱን የሚተርከው ሌላ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ተራኪ አሳዳጊ አባቱ ናቸው፣ ልጃቸውን ከሩቅ እያዩ። የሴል ክላርክ ትከሻው በበር የማይገባ፣ ፊቱ የሕፃን የሆነ ልጅ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ የምትገዙ ከሆነ በአርት ባልታዛርና በፍራንኮ የ2019ኙን «ሱፐርማን ኦፍ ስሞልቪል» ውሰዱ። የድሮዎቹን የ1950ዎቹ መጽሔቶች ከያዛችሁ ደግሞ በአንድ ቁጭታ አትጨርሷቸው፤ በወር አንድ እንዲነበቡ ነው የተጻፉት፣ ሲደራረቡ ሁሉም ላና ስትጠረጥር፣ ክላርክ ሲያመልጥ ይሆኑባችኋል። የሉተርን የፀጉር ታሪክ ግን አትዝለሉ።